የእንጦጦ ልክ፦ በደን ውስጥ መካከለኛ የብስክሌት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን እንደ ግድግዳ የተዘረጋው የእንጦጦ ተራራ፣ መሀል ከተማው ከሚገኝበት 2,350 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋ የማገዶ ምንጭ፣ የጸበል ስፍራና የሯጮች መለማመጃ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ ብስክሌት ነጂውንም በይፋ ከእንግዶቹ ቆጠረ። በደን ውስጥ በብስክሌት መጓዝ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል መዝናኛ ይመስላል፤ ሆኖም ጤነኛና ብስክሌት መንዳት የሚችል፣ ግን የተለየ ሥልጠና የሌለው ሰው ከዚህ ተራራ ደክሞ እንጂ ተጎድቶ እንዳይመለስ ከተፈለገ፣ ጉዞው ከመነሻው ቀን በፊት በሐሳብና በወረቀት ላይ መጀመር ይኖርበታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ያህል ይስማማል። የዚህ ዘገባ ፍሬ ነገርም «መካከለኛ» የሚለው ደረጃ በመንገዱ ላይ ተጽፎ የሚቀር ጠባይ ሳይሆን፣ መንገዱ፣ ወቅቱ፣ ሰዓቱና ነጂው ሲገናኙ የሚገኝ ልክ መሆኑን ማሳየት ነው።

የደረጃው ትርጉም

ለከተማ ነዋሪ ቅርብ የሆነ ደንና ገጠራማ ስፍራ ለመዝናኛ የሚከለልበት አሠራር በሌሎች አገሮች ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የገጠር አካባቢ ሕግ፣ የአካባቢ አስተዳደሮች እንዲህ ያሉ ፓርኮችን እንዲያዘጋጁ ሥልጣን ሲሰጥ፣ ብስክሌት ነጂዎች በፈረሰኞች መንገድ እንዲያልፉም ፈቅዷል፤ ከፈቃዱ ጋር ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ የመስጠት ግዴታን አያይዟል። ሕጉ ሲወጣ የተራራ ብስክሌት የሚባለው ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር። ይህ ዓይነቱ ብስክሌት፣ ማለትም ወፍራምና ጥርስ ያለው ጎማ፣ ጠንካራ ፍሬንና ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ ያለው ብስክሌት፣ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ የታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ወጣቶች አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን እየጠገኑ በአቧራማ ቁልቁለት መውረድ ከጀመሩ በኋላ ሲሆን፣ ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ እስከ መካተት ደርሷል።

ብስክሌቱ ሲስፋፋ መንገዶችን በችግራቸው መጠን መለየት አስፈለገ። በብሪታንያ የተለመደው አሠራር አረንጓዴን ለቀላል፣ ሰማያዊን ለመካከለኛ፣ ቀይን ለአስቸጋሪ፣ ጥቁርን እጅግ ለከበደ መንገድ ይሰጣል። የዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ማኅበር መመሪያ ደግሞ መካከለኛውን በሰማያዊ አራት ማዕዘን የሚያመለክት ሲሆን፣ የዚህ ደረጃ መንገድ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ10 ከመቶ የማይበልጥ አማካይ ተዳፋትና ዞረው የማያልፉት መሰናክል ቢኖር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ እንዲሆን ይጠብቃል። የተዳፋት መጠን በመቶኛ የሚገለጸው ከፍታው በአግድሙ ርቀት ተካፍሎ ነው፤ በ100 ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ 10 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ መንገድ 10 ከመቶ ተዳፋት አለው ይባላል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግሩ የወጣ ሰው ዳገት በጉልበትና በትንፋሽ ላይ የሚጥለውን ዋጋ ያለ ቁጥርም ያውቀዋል።

እነዚህ መለኪያዎች መንገዱን እንጂ ተራራውን አይመዝኑም። በባሕር ዳርቻ የተሠራ ሰማያዊ መንገድና በ3,000 ሜትር ላይ የተሠራ ሰማያዊ መንገድ በስፋት፣ በተዳፋትና በመሰናክል አንድ ሊሆኑ ቢችሉም፣ ነጂውን የሚያስከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም።

አየሩ

በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በየትም ስፍራ 21 ከመቶ ቢሆንም፣ ግፊቱ ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከፍታ ላልለመደ ሰው እንደ ግምት የሚያዘው ሕግ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ በሚጨመረው በየ100 ሜትሩ የሰውነት ከፍተኛ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም 1 ከመቶ ያህል ይወርዳል የሚል ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ደሙና ሳንባው ቀጭኑን አየር የለመዱ ስለሆኑ ጫናው ይቀልለታል፤ ለዕረፍት ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ዘመድ ግን ከአውሮፕላን በወረደ ማግስት እንጦጦ ላይ ብስክሌት ቢይዝ፣ በሚኖርበት ከተማ ያለ ችግር የሚወጣው ዳገት እዚህ ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ እንግዳ ያለበት ቡድን ጉዞውን ጥቂት ቀናት አዘግይቶ ማቀዱ፣ ፍጥነቱንም በቡድኑ ውስጥ ከፍታውን ያልለመደው ሰው በሚችለው ልክ መወሰኑ ተገቢ ነው።

ትንፋሽን ለመለካት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ነጂው ዳገት እየወጣ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ከቻለ፣ ጉልበቱን ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው በሚችልበት መጠን እየተጠቀመ ነው፤ ቃላቱ አንድ አንድ እየሆኑ ከወጡ ግን ማርሹን ማቅለል፣ ያም ካልበቃ ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ይሻላል። ማርሽ የሚቀለውም ዳገቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ እግር ፔዳሉን በሙሉ ኃይሉ እየተጫነ ሳለ ማርሽ መቀየር ሰንሰለቱን ሊያስወጣ አልፎም ሊበጥሰው ይችላል።

ደኑና አፈሩ

በእንጦጦ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሚያልፈው በሁለት ደኖች ውስጥ ነው። የቀደመው ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የነበሩበት የአገር በቀል ደን ሲሆን፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በተራራው ላይ ከትመው በቆዩበት ጊዜና ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍል ውሃ አካባቢ ከወረደች በኋላ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተመንጥሮ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ቅጥሮችና በየሸለቆው ቀርቷል። ሁለተኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ከባሕር ማዶ መጥቶ ስሙንም ከዚያው ያገኘው ባሕር ዛፍ ነው፤ በተራራው ላይ የበዛውም ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው ዝርያ ነው።

ይህ ልዩነት ለዕፅዋት ተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም፤ የጎማውን አያያዝ ይወስናል። ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጃጅም ሽክርክሪት እየላጠ ይጥላል፣ ማጭድ መሳይ ቅጠሉ በመሬት ላይ ተነጥፎ ያንሸራትታል፣ ጠንካራው ፍሬውም በደረቅ አፈር ላይ ሲበተን ከጎማ ሥር እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ፣ በተደጋጋሚ በተቆረጠባቸው ስፍራዎች መንገዱን የሚከብበው ለጋ ቁጥቋጦ ከውስጡ ፔዳልን ሊመታ የሚችል ጉቶ ይደብቃል። ከሥሩም እንደ ጽድና ወይራ ደን ብዙ ሣርና ቁጥቋጦ ስለማይበቅል፣ አፈሩ የዝናቡን ጠብታ የሚያበርድለት ሽፋን ያጣል፤ ለረጅም ጊዜ የደረቀው ገጽም ቅጠሉ በሚተወው ዘይታማ ቅሪት የተነሣ ውሃን ወዲያው ስለማይመጥ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሽቅብና ቁልቁል የተዘረጋውን መንገድ እንደ ቦይ ይጠቀሙበታል።

ተራራው በጥንት እሳተ ገሞራ የተገነባ ሲሆን፣ ድንጋዩ ሲበሰብስ የሚፈጥረው ቀይ ሸክላማ አፈር በደረቅ ወራት እንደ ወለል ይጠነክራል፣ ሲረጥብ ደግሞ በጎማው ጥርሶች መካከል ተሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት በኅዳር ወር መካከለኛ የነበረ መንገድ በሐምሌ ወር፣ ተዳፋቱና ስፋቱ ሳይለወጥ፣ ወደ አስቸጋሪ ደረጃ ይሸጋገራል።

ቀንና ሰዓት መምረጥ

ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚቆይ፣ በሐምሌና በነሐሴም የሚበረታ በመሆኑ፣ ለመካከለኛ ጉዞ የሚመረጠው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ጥቅምት መሬቱ ገና እርጥበት የያዘበት፣ አቧራውም ያልተነሣበት ወር ስለሆነ ጎማ በደንብ ይይዛል፤ ታኅሣሥና ጥር ደረቅና ጥርት ያሉ ቢሆኑም ማለዳቸው ውርጭ ሊኖረው ይችላል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ የተራራው አናት ከመሀል ከተማው በ5 ተኩል ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ዳገት ሲወጣ ያላበው ሰው ቁልቁል ሲወርድ ነፋሱ ላቡን እያደረቀ ስለሚያቀዘቅዘው፣ በሻንጣ ውስጥ የታጠፈ ቀላል የነፋስ መከላከያ ጃኬት ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ይጠቅማል። በበልግ ወራት ደግሞ ጠዋት የጠራ ሰማይ ከሰዓት በኋላ በድንገት ሊያዘንብ ስለሚችል፣ ማልዶ ወጥቶ ማልዶ መመለስ ይመረጣል።

ከአየር ጠባይ ቀጥሎ የሚታየው የበዓላት ቀን መቁጠሪያ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም፣ በጸበሏ የታወቀችው የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ተራራ ላይ ይገኛሉ። ወር በገባ በ16 እና በ21፣ ይልቁንም የካቲት 16 እና ኅዳር 21፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ነጠላ የለበሰ ምእመን ዳገቱን ሞልቶ ይወጣል፤ ጸበልተኞችም ጀሪካን ይዘው በማለዳ ይመላለሳሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ብስክሌት ይዞ በዚያው መንገድ መውጣት ለነጂውም ለምእመኑም አይመችም፤ ጉዞውን አንድ ቀን ማሳለፍ ግን ምንም አያስከፍልም።

ስሌቱ

የጉዞ ርዝመት በኪሎ ሜትር ብቻ ሲታቀድ ተራራ ያታልላል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ለእግረኞች ያወጣው የግምት ሕግ ለርቀቱ ጊዜ ከሰጠ በኋላ በየ600 ሜትሩ ሽቅብ አንድ ሰዓት የሚጨምር ሲሆን፣ ይህ አሠራር ለጥንቃቄ ተብሎ ለብስክሌትም ሊወሰድ ይችላል። ለአብነት 15 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በድምሩ 400 ሜትር ሽቅብ ያለው ዙር ቢታሰብ፣ በደን መንገድ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ተብሎ ቢገመት ርቀቱ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለሽቅቡ 40 ደቂቃ፣ ለዕረፍትና ለፎቶግራፍ 30 ደቂቃ ሲደመር 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ቡድን 3 ሰዓት ከ40 ላይ ይመለሳል ማለት ነው፤ ጎማ ቢተነፍስም ፀሐይዋ ሳትበረታ ለመድረስ በቂ ጊዜ ይተርፈዋል። ሽቅቡ የዙሩን ግማሽ ርቀት ቢይዝ አማካይ ተዳፋቱ ከ5 ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ስለሚሆን በመካከለኛው ደረጃ ውስጥ ይቆያል፤ ነገር ግን አማካይ ቁጥር አጭርና ቀጥ ያለ ዳገትን ስለሚደብቅ፣ በካርታው ላይ የከፍታ መስመሮች ተጠጋግተው የሚታዩባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። የከፍታ መስመር በእኩል ከፍታ ላይ ያሉ ነጥቦችን የሚያገናኝ መስመር ሲሆን፣ መስመሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር መሬቱ ቀጥ ያለ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ምግብም በተመሳሳይ መንገድ ሊሰላ ይችላል። ብስክሌቱን ጨምሮ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ 400 ሜትር ከፍታ ለመውጣት የስበት ኃይልን ብቻ ለማሸነፍ 333 ኪሎ ጁል ሥራ ይሠራል፤ የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ ሩብ ያህሉን ብቻ ወደ ሥራ የሚለውጥ በመሆኑ፣ ይህ ወደ 320 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል፤ የመሬቱና የአየሩ መቋቋም ሲታከልበት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አገሩ ለዚህ የሚሆን የጉዞ ስንቅ ከድሮ ጀምሮ አለው፤ ከገብስ ቆሎ የሚፈጨው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ቀላል፣ የማይበላሹና ቀስ በቀስ ጉልበት የሚሰጡ ናቸው። ከፍታና ደረቅ አየር በትንፋሽ ብዙ ውሃ ስለሚያስወጡ፣ ጥም ባይሰማም በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ያህል መጠጣት ይመከራል።

ብስክሌቱን መመርመር

በራሱ ብስክሌት የሚመጣም ሆነ በስፍራው የሚከራይ ሰው ከመነሣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ለምርመራ መስጠት አለበት። በመጀመሪያ የሁለቱ ፍሬኖች እጀታዎች የትኛው የፊቱን የትኛው የኋላውን ጎማ እንደሚይዝ ቆሞ መሞከር ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ አገሮች የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ፣ በሌሎች ደግሞ በግራ ስለሚገጠም፣ ያልለመደ ነጂ በቁልቁለት ተሳስቶ ቢጨብጥ በመሪው ላይ ተወርውሮ ሊወድቅ ይችላል። ቀጥሎ የጎማው አየር ይታያል፤ ለደን መንገድ ከአስፋልት ያነሰ፣ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ከ25 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ የሆነ አየር ጎማው በሥርና በድንጋይ ላይ ተለጥፎ እንዲያልፍ ይረዳዋል። የመቀመጫው ከፍታ ተረከዝ በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ እስኪል ድረስ ይስተካከላል፤ ረጅሙ ቁልቁለት ሲደርስ ግን ዝቅ ይደረጋል። በልክ የተጠበቀ የራስ ቁር፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና የጎማ መፍቻ ከሌሉ ጉዞው ባይጀመር ይሻላል፤ ጎማ መቀየር የሚችል አንድ ሰውም በቡድኑ ውስጥ መኖር አለበት።

ቁልቁለቱ

ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ አደጋ የሚበዛው ግን በቁልቁለት ነው። ነጂው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሁለቱን ፔዳሎች በእኩል ከፍታ ይይዛል፣ ክርኑንና ጉልበቱን አጥፎ ክብደቱን በእግሩ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑንም ከፊት ጎማው ላይ አንሥቶ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ራቅ አድርጎ ይጥላል፤ ብስክሌት ዓይን የተተከለበትን ነገር ስለሚከተል፣ ጉቶውን የሚያይ ሰው ጉቶውን ይመታል። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ በአንድ ጣት፣ ቀስ በቀስ ነው። ብስክሌትን ለማቆም የበለጠ ኃይል ያለው የፊት ፍሬን ቢሆንም፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በተነጠፈበት መታጠፊያ ላይ በኃይል ከተያዘ የፊት ጎማውን ያንሸራትታል።

የኋላ ጎማን አግዶ መንሸራተት ለወጣቶች የጀግንነት ምልክት ሊመስል ይችላል፤ ለተራራው ግን ጉዳት ነው። የታገደ ጎማ አፈሩን እያረሰ ቀጭን ቦይ ይተዋል፣ ቀጣዩ ዝናብ በዚያ ቦይ ይወርዳል፣ ቦዩም ከክረምት ወደ ክረምት እየሰፋ ቦረቦር ይሆናል። መንገድ ሠሪዎች መንገዱን ወደ ጎን በመጠኑ አዘንብለው የሚሠሩት ውሃው ርዝመቱን ሳይከተል ተሻግሮ እንዲወርድ ስለሆነ፣ በጭቃ ወቅት መንዳትና በመንሸራተት መቆም የእነርሱን ሥራ በአንድ ክረምት ሊያፈርሰው ይችላል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ጎማ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ለነጂውም ለደኑም የሚበጅ ውሳኔ ነው።

መንገዱን የሚጋሩት

የእንጦጦ መንገዶች የብስክሌት ነጂ ብቻ አይደሉም። በማለዳ በቡድን የሚሮጡ አትሌቶች፣ በፈረስ የሚዝናኑ ቤተሰቦችና እግረኞች ይገናኙባቸዋል፤ ለአሥርት ዓመታት የከተማዋን ማገዶ ያቀረቡት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ያለፉበት ተራራ በመሆኑም፣ በዳርቻው መንገዶች ላይ ዛሬም ቅርንጫፍ የተሸከመች እናት ወይም እንጨት የጫነች አህያ ልታጋጥም ትችላለች። ሸክም ያለበት ሰው በቀላሉ ቆሞ መነሣት ስለማይችል፣ ከእርሱ በፊት መቆም ያለበት ብስክሌት ነጂው ነው። ፈረስ ሲያጋጥም ከሩቅ ድምፅ አሰምቶ፣ ቆሞ ማሳለፍ እንስሳው እንዳይደነግጥ ይረዳል፤ ሁለት ብስክሌቶች በጠባብ መንገድ ሲገናኙ ደግሞ ወራጁ ለወጪው ይቆማል፤ ዳገት ላይ የቆመ ሰው እንደገና መነሣት ይከብደዋልና። ውሻ ሲከተል ከብስክሌት ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ በእርጋታ መራመድ ከመሮጥ ይሻላል። ጅብ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ፣ የመመለሻው ሰዓት ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ እንዲሆን ማቀድ ይገባል።

የመመለሻው ነጥብ

የእንጦጦ አናት ውሃ የሚለያይበት ጠርዝ ነው። በደቡቡ ጎን የሚወርደው ዝናብ በቀበናና በሌሎች ጅረቶች ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በሰሜኑ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚወርደው ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። ዳገቱን ጨርሶ እዚህ የደረሰ ቡድንም ስለ ቀሪው መንገድ የሚወስንበት ሰዓት ይኸው ነው፤ በዕቅዱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ጋር ሰዓቱን፣ ከተነሣበት ጋር የሰማዩን መልክ፣ ከሁሉም በላይ በቡድኑ ውስጥ በጣም የደከመውን ሰው ትንፋሽ ማየት ይኖርበታል። ከሦስቱ አንዱ ካልተስማማ ዙሩን ማሳጠር እንጂ ማፋጠን አይገባም፤ የቸኮለ ሰው ያጣውን ጊዜ ለማካካስ የሚሞክረው በቁልቁለቱ ላይ ነውና።

ጉዞው መካከለኛ እንደ ነበረ የሚታወቀውም በመጨረሻው ላይ ነው። ከፓርኩ በር ሲደርስ ሌላ አንድ አጭር ዳገት የሚወጣበት ጉልበት፣ የሚጎነጨው ውሃና ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወትበት ትንፋሽ የተረፈው ሰው፣ የዕለቱን የእንጦጦ ልክ በትክክል ገምቷል።